ለብርድ ማታ የሚስማማ የወይዛዝርት ሽቶ

ሽቶ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን በሄደች ጊዜ ከወርቅና ከከበረ ድንጋይ ጋራ እጅግ ብዙ ሽቶ ይዛ እንደ ነበረ መጽሐፈ ነገሥት ይነግረናል። ዕጣኑ ከትግራይና ከመተማ፥ ከርቤው ከኦጋዴን፥ ዝባዱም በቀንድ ታሽጎ ከከፋና ከጅማ እየወጣ ለዓለም ገበያ ሲቀርብ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይህን የመሰለ ሀብት ባላት ሀገር፥ መልካም ሽታ በብዙ ገንዘብ ካልተገዛ አይገኝም እየተባለ አንዲት ወይዘሮ ለልጆቿ ጫማ ያሰበችውን ገንዘብ ለአንድ ጠርሙስ ስታወጣ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ለብርድ ማታ የሚስማማ፥ ሙቀትና የቅመም ጣፋጭነት ያለው ሽቶ በልከኛ ዋጋ እንዴት እንደሚመረጥ ጥቂት ቃል ለመናገር ወደናል።

ነገሩን የምንናገረው ለሁሉ ቢሆንም፥ ይልቁንም በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖሩት ለሱሉልታ፥ ለቡራዩና ለሰበታ ቤተ ሰቦች አስበን ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፥ ቡራዩ በገፈርሳ ውኃ አቅራቢያ በአምቦ መንገድ፥ ሰበታም በጅማ መንገድ የሚገኙ ሲሆኑ፥ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ከነዚህ ስፍራዎች ብዙ ሴቶች ጧት ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፥ ቀኑ ፀሓይ ሆኖ ሳለ ማታው ይከፋል፤ ሌሊቱንም ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው ያገራችን ተረት በከንቱ የተነገረ አይደለም። የሠርጉና የማኅበሩ፥ የዘመድ ጥየቃውም ወራት በብዛት ይኸው ነው።

ብርድ በሽቶ ላይ የሚያደርገውን ሥራ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሽቶ የሚሸተን እየተነነ ወደ አየር ሲወጣ ነው፤ የሚያስተንነውም የገላ ሙቀት ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ትነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በቀትር ደስ የሚያሰኘው የሎሚና የብርቱካን ሽታ በብርድ ማታ የሳሳ ይሆናል፤ በተፈጥሮውም ቶሎ የሚበን ስለ ሆነ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። የቅርንፉድ፥ የቀረፋ፥ የቫኒላ፥ የዕጣንና የከርቤ ሽታ ግን ከዚያ ይልቅ ከባድና ዝግተኛ ስለ ሆነ፥ በጋቢና በነጠላ ውስጥ ከገላ ሙቀት ጋራ ቀስ እያለ ይወጣል። በሙቀት ጊዜ ራስ የሚያዞረው ሽታ በብርድ ጊዜ ልክ ይሆናል። ይህም ሽቶው ገላን የሚያሞቅ ሆኖ አይደለም፤ የሻይን ቅመምና የቡናን ሥርዓት፥ የሞቀ ቤትንም ስለሚያሳስብ ልብን ያሞቃል እንጂ።

እንዲህ ያለው ሽታ ለባለጠጎች ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። የሽቶ ሥራ ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። ቫኒላ ቀድሞ ዋጋው የከበደ ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ቲማንና ሃርማን የተባሉ ሁለት የጀርመን ኬሚስቶች ያንኑ ሽታ የሚሰጠውን ቫኒሊን የተባለውን ነገር በቤተ ሙከራ ለመሥራት ስለ ቻሉ፥ ጣፋጩ ሽታ እየረከሰ ሄደ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ፥ አሁንም በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ኤስቴ ላውደር የተባለችው አሜሪካዊት ነጋዴ ዩዝ ዲው የሚባል፥ ቅርንፉድና ቀረፋ የሚሸት፥ ለገላ መታጠቢያም ለሽቶም የሚያገለግል ዘይት አወጣች። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ብዙዎቹ የሀገሯ ሴቶች ሽቶን ከባላቸው በስጦታ ይጠብቁ ነበር እንጂ ለራሳቸው መግዛት አልለመዱም ነበር፤ ይህኛው ግን እንደ ማናቸውም የቤት ዕቃ ራሳቸው ገብተው የሚገዙት ሆነ። በ1977 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ኢቭ ሳን ሎራን ያወጣው ኦፒየም የተባለው ዝነኛ ሽቶም ቢሆን ቅርንፉድና ቀረፋ፥ ከርቤም የገቡበት ነው። እንግዲህ ዋጋውን የሚያንረው በአብዛኛው የጠርሙሱ ጌጥና የስሙ ዝና መሆኑን መረዳት አያስቸግርም።

ወደ መደብር የምትገባ ወይዘሮ ከስሙ አስቀድማ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የብርታት ደረጃ ትመልከት። ኦ ደ ኮሎኝ የተባለው ከመቶው ከ2 እስከ 5፥ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፥ ኦ ደ ፓርፈም ከ15 እስከ 20 የሚደርስ የሽቶ ቅባት ይኖረዋል፤ የቀረው በብዛት አልኮል ነው። ሰበታ ከቀድሞ ጀምሮ በአልኮል ፋብሪካዋ የታወቀች ስለ ሆነች የሰበታ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ አልኮሉ ወዲያው ይበናል፥ በገላ ላይ የሚቀረው ቅባቱ ነው። ስለዚህ ከቀጭኑ ትልቅ ጠርሙስ ይልቅ ከብርቱው ትንሽ ብልቃጥ መግዛት ብዙ ጊዜ ያተርፋል። ከዚህ በኋላ ሽቶውን በእጅ አንጓ ላይ ጥቂት አድርጎ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ይገባል። በመጀመሪያው ሽታ ተደስቶ መግዛት ሙሽራን በመጋረጃ ውስጥ እንዳለች እንደ ማጨት ነው። በአንድ ቀንም ከሦስት ሽቶ በላይ አይሞከር፤ አፍንጫ ይደክማልና።

ታላላቅ ስም ያለው ሽቶ እጅግ በረከሰ ዋጋ ሲቀርብ ሐሰተኛ እንዳይሆን ያስፈራል። በካርቶኑና በጠርሙሱ ሥር የተጻፈው የፋብሪካ ቁጥር አንድ ካልሆነ፥ ጽሕፈቱም ፊደል የተሳሳተበት ከሆነ መተው ነው። ሐሰተኛው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ቆዳንም ሊጎዳ ይችላል። ስሙ ያልገነነ፥ ሠሪው ግን የታወቀ ሽቶ በግልጽ መግዛት፥ በተሰረቀ ስም ከማጌጥ ይልቅ ክብር ነው።

መጠኑም እንደ ስፍራው ይለያል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች፥ ሜዳዋም ለነፋስ የተገለጠ ስለ ሆነ፥ ዕጣንና ከርቤ የበዛበት ብርቱ ሽቶ ይስማማታል፤ ከአንገት ሥርና ከክንድ መታጠፊያ ላይ፥ ከልብስ በታች ማድረግ ይበቃል። በገፈርሳ በኩል እርጥበት ያለው ብርድ ለሚሰማው ለቡራዩ ቀረፋና ቫኒላ የተስማሙበት መካከለኛው ይሻላል። ሰበታ ከሁለቱ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ማታዋ ይለዝባል፤ እዚያ ሂልና ብርቱካን የተቀላቀለበት ቀለል ያለው ቅመም ይበቃል፤ የሱሉልታውን ያህል መቀባት ግን እንግዳን ያሳልላል።

ሽቶ ለመግዛት ላልቻለችም ቤቷ ባዶ አይደለም። አንድ የሻይ ብርጭቆ ሽታ የሌለው የሰሊጥ ዘይት፥ 10 ፍሬ ቅርንፉድ፥ የጣት ርዝመት ያለው አንድ ቀረፋና ሁለት የተፈነከተ ኮረሪማ በደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ተከድኖ በጨለማ ስፍራ 3 ሳምንት ከቆየ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ቅርንፉድና ቀረፋ አንዳንድ ቆዳ ስለሚያስቆጡ፥ አስቀድሞ በክንድ ውስጥ ጠብታ አድርጎ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በፊትና በሕፃናት ገላ ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ጋቢውን ወይም ነጠላውን ደግሞ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በዕጣን ጢስ ማጠን ነው፤ ጥጥ ጢሱን ይዞ ስለሚያድር፥ በላዩ አንድ ጠብታ ሽቶ የሦስቱን ሥራ ይሠራል። ሽቶውን ግን በጥበቡ ላይ አትርጩት፥ ቅባቱ ነጩን ያቆሽሻልና።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ብርቱ ነገር እናሳስባለን። ብርዱን በመፍራት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ፥ ዕጣን ለማጨስም ቢሆን፥ ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ በቤቱ እንዲሞላ ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት ቤተ ሰብ እንደ ተኛ የቀረበት ጊዜ አለ። መልካሙን ሽታ ስንሻ ሽታ የሌለውን ጠላት እንዳናስገባ፥ ጢሱ ሲያልቅ ከሰሉ ወደ ውጭ ይውጣ፥ መስኮቱም ይከፈት።

በመጨረሻም ሽቶ የሀብት ማሳያ ሳይሆን ለራስና ለባልንጀራ የሚሰጥ አክብሮት ነው። ቀርቦ ሰላም ያለ ሰው የሚያገኘው፥ ከደጅ ላይ ግን የማይጮኽ ሲሆን ልኩን አግኝቷል። ከሥራ ደክማ ወደ ሱሉልታ የምትወጣው ሠራተኛም ሆነች በቤቷ እንግዳ የምትቀበለው ወይዘሮ፥ ይህን ክብር ለማግኘት የልጆቿን ጫማ ማስቀረት አያሻትም።