አሮጌው ዛፍና የቸኳይ እጅ

ቦንሳይ ስለሚባለው የጃፓኖች ጥበብ ወሬ በተነሣ ቍጥር ሁለት ዐይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ ወገን፣ «ዛፍን በሽቦ አስሮ፣ ሥሩን ቈርጦ፣ በሸክላ ሣህን ውስጥ ማሰቃየት ጭካኔ ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «ጊዜ የተረፈው ሰው ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በበኩሌ ሁለቱንም አልቀበልም። ጭካኔም ጨዋታም ሊሆን መቻሉን ግን አልክድም፤ የሚለየው ዛፉን የያዘው ሰው እጅ ነው። ይህም ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው ከተራራ ተነቅሎ የመጣ ያረጀ ፓይን ሲቀረጽ ስለሆነ፣ ነገሬን በእርሱ ላይ አደርጋለሁ።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። እኛ ጥድ የምንለው የአገራችን ዛፍ የጁኒፐር ወገን ነው። ፓይን ግን ሌላ ነው፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ እንደየዐይነቱም 2 ወይም 3 ወይም 5 እየሆነ ከአንድ ቦታ የሚወጣ ነው። ቦንሳይ ማለት በጃፓንኛ «በሣህን የተተከለ» ማለት ሲሆን፣ የጥበቡ ምንጭ ቻይና ናት። ብዙዎች እንደሚመስላቸው ቦንሳይ የድንክ ዛፍ ዘር አይደለም፤ በሜዳ ቢተከል እንደ ወንድሞቹ የሚረዝም ማንኛውም ዛፍ ነው። ከተራራ ተነቅሎ ለዚህ የሚዘጋጀውንም ዛፍ ጃፓኖቹ ያማዶሪ ይሉታል።

እንግዲህ ያረጀ ያማዶሪ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በሰሜን አሜሪካ፣ በሮኪ ተራሮች ላይ ፖንዴሮሳ የሚባል ፓይን አለ። በደልዳላ መሬት የበቀለው 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ይቆማል። ዘሩ በድንጋይ ስንጥቅ የወደቀበት ግን ከእፍኝ ዐፈር በቀር የሚበላው የለውም፤ ነፋስ ያጐብጠዋል፤ የበረዶ ክብደት ቅርንጫፉን ወደ ታች ይጫነዋል። ስለዚህ 200 ዓመት ኖሮ ከሰው ቁመት ሳያልፍ የሚቀር ይገኛል። ግንዱ ተጣሞ፣ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ፣ ግማሽ አካሉ ደርቆ፣ ግማሹ በሕይወት ይኖራል። ይህን መልክ የትኛውም አትክልተኛ በዕድሜው ሊሠራው አይችልም። ዛፉን ፈላጊ ያደረገውም፣ አደጋ ላይ የጣለውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ትዕግሥት ነው። ከድንጋዩ የተነቀለ ፓይን ከሥሩ ብዙውን አጥቷል። በሥሩ ዙሪያ አብሮት የሚኖር ነጭ ሻጋታ መሰል ፈንገስ አለ፤ ውሃና ምግብ በመሳብ ይረዳዋል። የዱሮውን ዐፈር በሙሉ አጥቦ የጣለ ሰው ይህንን ረዳት አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ዛፉን ውሃ በደንብ በሚያሳልፍ ጠጠራማ ዐፈር፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተክለው ሁለት ሦስት ዓመት ሳይነኩት ይጠብቃሉ። አዲስ ቡቃያ በብርታት ሲወጣ ብቻ ዛፉ ተስማምቶታል ይላሉ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሥር መቍረጥንና ከባድ ቅረጻን በአንድ ዓመት አያደርጉም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፣ የሞተ የ200 ዓመት ዛፍ ግን አይለቀምም።

ሁለተኛው ፈተና ምን እንደሚቈረጥ ማወቅ ነው። ሌሎች ብዙ ዛፎች ቢመለመሉ ከግንዳቸው ያቈጠቍጣሉ። ያረጀ ፓይን ግን ቅጠል ከሌለበት እንጨት ላይ ብዙ ጊዜ አያቈጠቍጥም፤ መርፌው ሁሉ የተነቀለበት ቅርንጫፍም ይሞታል። ቍርጥ ያለ ስሕተት መመለሻ የለውም ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ዐዋቂው ከመቍረጥ ይልቅ ማጠፍን ይመርጣል። ቅርንጫፉን ውሃ በጠጣ ራፊያ ይጠቀልላል፤ በእሳት የለዘበ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥምበታል፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ያጐብጠዋል። ራፊያው ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ይይዛል፤ መዳቡ ከታጠፈ በኋላ ስለሚጠነክር ቅርጹን ያጸናል። ሽቦው ቅርፊቱን መብላት ሲጀምር ይፈታል፤ ቅርንጫፉ ካልጸና እንደ ገና ይታሰራል። «ዛፍ የሚቃናው በለጋነቱ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር እንግዲህ ሙሉ እውነት አይደለም። ያረጀም ይታጠፋል፤ ነገር ግን የሚታጠፈው በራሱ ጊዜ እንጂ በአጣፊው ጊዜ አይደለም።

ስለ ደረቀው እንጨትም አንድ ቃል ልበል። የደረቀውን ቅርንጫፍ ጂን፣ ቅርፊቱ የተገፈፈውን የግንድ ክፍል ሻሪ ይሉታል። ይህን ቈርጦ ከመጣል ይልቅ አጽድተው፣ እንዳይበሰብስ የኖራና የድኝ ውሕድ ቀብተው ይተዉታል። ዛፉ የደረሰበትን መከራ አይደብቁለትም። በሞተር መሣሪያ የደረቀ እንጨት በመቅረጽ ስሙ የገነነው ጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ፣ በዚህ ረገድ ጥበቡን ወደ አዲስ መንገድ መርቶታል። እኔ መሣሪያውን አልቃወምም፤ የምቃወመው ነፋስና በረዶ ያልሠሩትን ቍስል ፈጥሮ «የተራራ ሥራ ነው» ማለትን ነው።

ሦስተኛው ነገር ለእኛ ለተማሪዎች በተለይ የሚመለከተን ይመስለኛል። የኪሙራ ደቀ መዝሙር የነበረው አሜሪካዊው ራያን ኒል ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በኦሬገን የራሱን የቦንሳይ ቦታ አቋቁሞ፣ የአገሩን ተራራ ዛፎች መቅረጽ ያዘ። ፖንዴሮሳ መርፌው ረጅም፣ ቅርንጫፉም ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ የጃፓንን ጥቁር ፓይን ምሰል ቢሉት አይመስልም። ስለዚህ ዕውቀቱ ከጃፓን ተወሰደ፣ መልኩ ግን ከዛፉ ከራሱ። ከውጭ አገር ትምህርት የሚወስድ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ሊያስተውለው ይገባል። መሣሪያውን መዋስ ብልኅነት ነው፤ መልክን መዋስ ግን የራስን ዛፍ ማበላሸት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ እንመለስ። ጭካኔ ነውን? በዋሽንግተን፣ በአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም የቦንሳይ ሙዚየም አንድ ነጭ ፓይን አለ፤ በሰው እጅ መያዝ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1625 ዓ. ም. ነው። የያማኪ ቤተ ሰብ ሲንከባከበው ኖሮ፣ ነሐሴ 1945 በሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከፈነዳበት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአጥር ግንብ ተከልሎ ተረፈ። በ1976 ማሳሩ ያማኪ ቦምቡን ለጣለችው አገር በስጦታ ሰጠው። ሙዚየሙም የዛፉን ታሪክ ያወቀው በ2001 የልጅ ልጆቹ ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነበር። የሚሰቃይ ነገር እንዲህ አይኖርም። በየቀኑ ውሃ የሚሰጠው፣ አሳዳጊው ሲሞት ሌላ የሚተካለት ዛፍ ተሰቃየ ማለት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቹ ትክክል የሆኑበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሚጎዳው ዛፉ ብቻ ሳይሆን ተራራውም መሆኑ ነው። በጃፓን ሺምፓኩ የሚባለውን የጥዳችንን ዘመድ ለቃሚዎች በገመድ ከገደል እየወረዱ ነቅለው፣ ከዱር ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ መንቀል ክልክል ሲሆን፣ በአንዳንድ የመንግሥት ደኖች በፈቃድ ብቻ ይፈቀዳል። ይህ ተገቢ ነው። እንዲያውም የነቀለው ዛፍ በእጁ ሊሞት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው፣ ሕግ ባይከለክለውም ሊያመነታ ይገባዋል። በአገራችንም ያረጀ ጥድ በብዛት የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ እጁ የሚያሳክከው ጓደኛ ቢኖር፣ ከችግኝ ጣቢያ በተገዛ ችግኝ ይጀምር።

እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ ሕግ በሦስት ቃል ያልቃል፤ ጠብቅ፣ ተመልከት፣ ጥቂት ንካ። ከእኛ በፊት 200 ዓመት የቆመ ነገር ሲሰጠን መብታችን ከግዴታችን ያንሳል። ያረጀውን ሁሉ እንደ ነበረ ይቅር አልልም፤ ሽቦ የማይነካው ዛፍ ቦንሳይ አይሆንም። ነገር ግን ሽቦውን የያዘው እጅ ዛፉ እስከ ዛሬ እንዴት እንደ ኖረ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሳይጠይቅ የሚያጥፍ ይሰብራል፤ ጠይቆ የሚያጥፍ ግን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ሕያው ዛፍ ያስረክባል።