ካፒታል ሌተርና «ኢንጂነር እከሌ»

ቶሮንቶ ውስጥ ሥራ የሚፈልጉ ያገራችን ልጆች ሬዙሜያቸውን ከመላካቸው በፊት «እስቲ አንዴ እየው» ይሉኛል። ሰዋስዉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚበዛው ካፒታሉ ነው። ማኔጀር በካፒታል፣ ፕሮጀክት በካፒታል፣ በጀት በካፒታል፣ «ልምድ» የሚለው ቃል ራሱ በካፒታል!

የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። የበላይ «በ» እና የበግ «በ» ያው አንድ ናቸው። አክብሮትን የምናሳየው በግሱ ነው፤ «መጣ» ሳይሆን «መጡ» እንላለን። እንግሊዝኛ ይህን ስለማይሰጠን ክብሩን ወደ ካፒታል ያሸሸነው ይመስለኛል። ሥራ አስኪያጅን በትንሽ ኤም መጻፍ «አንተ» ብሎ እንደመጥራት ይከብደናል።

እንግሊዝኛው ግን ካፒታልን በዋናነት የሚፈልገው የተጸውኦ ስምን ለመለየት ነው። የካናዳ ጋዜጠኞች የሚመሩበት የካናዲያን ፕሬስ መመሪያ ማዕረግ ከሰው ስም ፊት ሲመጣ በካፒታል፣ ብቻውን ሲቆም በትንሽ ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቢሆኑ ስማቸው ካልተከተለ በትንሽ ፒ ነው የሚጻፉት። ማንም አልተሰደበም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቶሮንቶ ሙሉ ስሙ በካፒታል ነው፤ «ዩኒቨርሲቲው» ስትሉ ትንሽ ይበቃዋል።

ካፒታል ከክብር ጋር ጭራሽ አይገናኝም ማለቴ አይደለም። ዱ ቦይስን የመሰሉ ጥቁር አሜሪካውያን «ኒግሮ» በትልቅ ኤን እንዲጻፍ ለዓመታት ሞግተው፣ ኒው ዮርክ ታይምስ የተቀበላቸው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ «ብላክ»ን በትልቅ ቢ ለመጻፍ የወሰነው ደግሞ በጁን 2020። እዚያ ጥያቄው የሕዝብ ስም ነው ወይስ የቀለም ስም የሚል ነበር። እንዲህ የተለፋበትን ነገር ለ«በጀት» ማባከን ያናድዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ኢንጂነር» ነው። አዲስ አበባ ላይ የተመረቀ ሁሉ «ኢንጂነር እከሌ» ይባላል፤ ጎረቤትም፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀትም እንዲያ ይለዋል። ኦንታሪዮ ውስጥ ሙያው በሕግ የታጠረ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው ፕሮፌሽናል ኢንጂነርስ ኦንታሪዮ ነው። ያለ ፈቃድ ባለፈቃድ በሚያስመስል መንገድ በቃሉ መጠቀም ያስጠይቃል፤ በትንሽ ኢ መጻፉም አያድንም። ስለዚህ ከስማችሁ ፊት አውጡትና የተማራችሁትን ጻፉ፦ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ዲግሪ፣ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚህ ዓመት። ፈቃዱ ሲገኝ ምህጻሩ ከስማችሁ በኋላ ይገባል፣ ያውም በካፒታል።