ለእሽቅድድም መም ጓንት ሲገዛ፦ ውስን ገንዘብ የት ላይ ይዋል?

ሞተር ሳይክል በእሽቅድድም መም ላይ ሲወድቅ፣ ከነጂው አካል ብዙ ጊዜ ቀድሞ አስፋልት የሚነካው እጅ ነው። ሰው ሚዛኑን ሲስት ሳያስበው እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊቀበል ይሞክራል፤ ይህ የደመ ነፍስ ምላሽ በልምምድ ቢቀንስም ጨርሶ አይጠፋም። እጅ ደግሞ 27 አጥንቶች በስስ ሥጋ ብቻ ተሸፍነው የተደረደሩበት፣ ተጎድቶ ሲድን እንኳ ቅልጥፍናው በቀላሉ የማይመለስ አካል ነው።

ለዚህ አካል መከላከያ የሚሸጡት ጓንቶች የዋጋ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ለከተማ መንገድ የሚሆን አጭር ጓንት ከ50 ዶላር ባነሰ ይገኛል፤ ባለሙያ ተወዳዳሪዎች የሚያጠልቁት ግን ከ300 ዶላር በላይ ያወጣል። በዚህ ሰፊ ክፍተት ውስጥ ገንዘቡ ውስን የሆነ ገዢ ሁለት ስሕተት ይሠራል፤ ወይ «ሁሉም ቆዳ ነው» ብሎ የመጨረሻ ርካሹን ያነሳል፣ ወይ ጥበቃ ከዋጋ ጋር እኩል ያድጋል ብሎ አምኖ ከአቅሙ በላይ ይከፍላል። ጓንት እጅን የሚጠብቅባቸው ነገሮች አንድ በአንድ ሲመረመሩ ግን ሌላ እውነት ይወጣል። ዋነኞቹ፣ ማለትም ከእጅ አለመውለቅ፣ ልክ መሆን፣ የመዳፍ መንሸራተትና የስፌት ጥንካሬ፣ ለአምራቹ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። ዋጋውን የሚሰቅሉት የካርቦን ፋይበር፣ የካንጋሮ ቆዳና የታዋቂ ስም ናቸው፤ እነዚህ በአስፈላጊነት ኋላ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የሚያውቅ ገዢ በመካከለኛ ዋጋ ለመም የሚበቃ ጓንት ማግኘት ይችላል።

በውድቀት ጊዜ እጅ ምን ይገጥመዋል?

ውድቀት ሁለት ፍጥነቶች አሉት። የመጀመሪያው ወደ ታች ያለው ነው። ከአንድ ሜትር ከፍታ የወደቀ አካል መሬት ሲደርስ በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል፤ ሞተሩ በ60ም ይብረር በ160 ይህ አይለወጥም። አጥንት የሚሰብረው ምት በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ሁለተኛው ወደ ፊት ያለው ፍጥነት ሲሆን፣ በሰበቃ ቀስ በቀስ የሚያልቅ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የወደቀ ሰው ቆዳ ለብሶ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት፣ የሰበቃው መጠን የክብደቱ ስድስት አሥረኛ ያህል ቢሆን፣ እስኪቆም ድረስ ወደ 65 ሜትር ይጓዛል፤ ጊዜውም አምስት ሰኮንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። እጅ በዚህ ሁሉ ጊዜ መሬት ላይ ባይጫንም፣ በተደጋጋሚ ይነካል፣ ይፋቃል።

ሦስተኛ አደጋም አለ። ጣት ከመሪው ሥር ሊያዝ፣ በአስፋልት ስንጥቅ ወይም በመሙ ጠርዝ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። እንግዲህ ጓንት ምትን ማብረድ፣ ፍቂያን መቋቋም፣ ጣትን ከመጠምዘዝ ማዳን አለበት። ሦስቱንም የሚሠራው ግን እጅ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ከእጅ አለመውለቅ

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው መመዘኛ የአንጓው ማሰሪያ ነው። የመም ጓንት ሁለት ማሰሪያ ይኖረዋል፤ አንዱ በእጅ አንጓ ዙሪያ፣ ሌላው ክንድን በሚሸፍነው ረጅም ክፍል ላይ። ጓንቱን የሚይዘው የፊተኛው ነው። ክንድ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ የላይኛው መዝጊያ ጓንቱ ወደ ጣት አቅጣጫ ሲጎተት ምንም የሚያግደው ነገር የለም፤ የአንጓው ማሰሪያ ግን ከመዳፍ ሥር ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ፣ ሰፊው መዳፍ እንዲያልፍ አይፈቅድም።

ይህን ሱቅ ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። ጓንቱ ይጠለቃል፣ የአንጓው ማሰሪያ ብቻ ይጠብቃል፣ የላይኛው ክፍት ይተዋል። ከዚያ ሌላ ሰው አራቱን የጣት ጫፎች ይዞ አጥብቆ ይስባል። ጓንቱ ከመዳፍ ሥር ተንሸራቶ መውጣት ከጀመረ፣ የቀረው ጥራቱ ምንም ቢሆን ለመም አይሆንም። ማሰሪያው ከአንጓው በላይ የተሰፋ፣ ወይም በሚለጠጥ ላስቲክ ላይ የተመሠረተ ጓንት ይህን ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

ረጅሙ የክንድ ክፍል የራሱ ሥራ አለው። የቆዳ ቱታው እጅጌ ሲንሸራተት ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ አጭር ጓንት ባለበት የአንጓው ቆዳ ይራቆታል። ረጅሙ ግን እጅጌውን ከላይ ስለሚሸፍን ክፍተት አይፈጠርም። ስለዚህ ጓንት ሲለካ ቱታውን ለብሶ መሄድ ተገቢ ነው፤ በባዶ ክንድ የተዘጋ ጓንት በእጅጌ ላይ አልዘጋ ሊል ይችላል።

ልክ መሆን

ልክ ምንም ተጨማሪ ክፍያ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው። መጠኑ የሚለካው ከአውራ ጣት በስተቀር በጉልጥምቶቹ ዙሪያ፣ እጁ በሰፋበት ቦታ ነው። ሆኖም በሴንቲ ሜትር የተጻፈው ቁጥር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ መሞከርን አይተካም።

ትክክለኛው ሙከራ እጅን ዘርግቶ ማየት አይደለም፤ የሞተር መሪ የሚያህል ውፍረት ያለውን ነገር ጨብጦ፣ ሁለት ጣት ወደ ፍሬን እንደሚዘረጋ ማንቀሳቀስ ነው። የጣት ጫፍ የጓንቱን ጫፍ ሊነካ ሲል ማቆም አለበት። ትርፍ ቆዳ ከቀረ በፍሬኑ ላይ ይጠቀለላል፣ በውድቀትም ጣቱን ለመጠምዘዝ መያዣ ይሆናል። በመዳፉ ውስጥ የሚሰበሰብ እጥፋት ደግሞ ከጥቂት ዙር በኋላ እጅን ያቆስላል። ቆዳ በጊዜ ብዛት በስፋት ስለሚለጠጥ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መጥበቁ ችግር የለውም፤ በርዝመት ግን እምብዛም አይጨምርም፤ ስለዚህ ጣት ያጠረ ጓንት አጭር ሆኖ ይቀራል። ጣቶቹ ከመነሻው ወደ ውስጥ ጎበጥ ተደርገው የተሰፉ ጓንቶች መሪውን ለመጨበጥ የሚወጣውን ጉልበት ይቀንሳሉ፤ ይህም ክንድ ቶሎ እንዳይደክም ይረዳል።

መዳፍና የስካፎይድ አጥንት

በእጅ አንጓ ውስጥ፣ ከአውራ ጣት በኩል፣ ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት አለች። በተዘረጋ እጅ ላይ ሲወደቅ የምትሰበረው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። ደም የሚደርሳት በአብዛኛው ከጣቶች በኩል ባለው ጫፏ ስለሆነ፣ ከመካከል ስትሰበር ወደ ክንድ ያለው ግማሿ ደም ያጥረዋል። ስለዚህ ስብራቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው፤ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይገጥም ቀርቶ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ችግሩን የሚያባብሰው የቆዳ ባሕርይ ነው። የመዳፍ ሥር በቆዳ ብቻ ሲሸፈን አስፋልቱን ይነክሳል፤ እጁ ባለበት ይቆማል፣ የሰውነቱ ክብደት ግን ጉዞውን ይቀጥላል፣ አንጓውም ወደ ኋላ ይቀለበሳል። በዚያ ቦታ ላይ ጠንካራና ልሙጥ ፕላስቲክ ሲገጠም እጁ ከመቆም ይልቅ ይንሸራተታል፣ ኃይሉም ወደ አጥንቱ ሳይገባ በሰበቃ ያልቃል። ኖክስ የተባለው የእንግሊዝ አምራች ይህን ሐሳብ በሁለት የመዳፍ ተንሸራታቾች አሳውቆታል፤ ዛሬ ተመሳሳዩ በብዙ መካከለኛ ዋጋ ጓንቶች ላይ ይገኛል። ጥቂት ግራም ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ከሚሰጠው ጥበቃ አንጻር ግን በጓንቱ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ብልጫ ያለው ነው ማለት ይቻላል። በመዳፉ ሥር ይህ የሌለው ጓንት ለመም ባይገዛ ይሻላል።

ስፌትና ትንሿ ጣት

ቆዳ ከመበሳቱ በፊት ክሩ ይበጠሳል፤ ክር ሲበጠስ ጓንቱ ይከፈታል። ስለዚህ በመዳፉ ጠርዝና በትንሿ ጣት ውጫዊ ጎን፣ ማለትም መሬት በሚነካው መስመር ላይ፣ ስፌቱ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ መሆን አለበት፤ አለዚያም ከላዩ ተጨማሪ ቆዳ ሊደረብበት ይገባል። ወደ ውጭ የወጣ ስፌት ለጣት ምቹ ነው፣ ለአስፋልት ግን ተጋልጧል፤ በጣት ጫፍ ሊታለፍ ይችላል፣ በውጫዊው ጎን ግን ድክመት ነው።

ትንሿ ጣት ከሁሉም ደካማና ከሁሉም ወጣ ያለች በመሆኗ ለብቻዋ ተይዛ ትጠመዘዛለች። አልፓይንስታርስን የመሰሉ አምራቾች ከቀለበት ጣት ጋር በአጭር ቆዳ ያያይዟታል፤ ሁለቱ አብረው ሲንቀሳቀሱ ትንሿ ወደ ውጭ አትታጠፍም። መጀመሪያ ላይ እንግዳ ስሜት ቢሰጥም ለመያዝ አያስቸግርም።

ቆዳና ጉልጥምት

ለመም የሚሆነው ቁስ ቆዳ ነው። የላም ቆዳ ወፍራምና ርካሽ ነው፣ ለመላመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የፍየል ቆዳ በዋጋና በጥንካሬ መካከል ጥሩ ሚዛን ነው፤ ስስ ሆኖ ፍቂያን ይችላል፣ ቶሎም ከእጅ ጋር ይዋሐዳል። የካንጋሮ ቆዳ የቃጫዎቹ አደራደር ከገጹ ጋር ትይዩ ስለሆነ በተመሳሳይ ውፍረት ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ጥቅሙ ግን በዋናነት አምራቹ መዳፉን እንዲያሳሳና የጋዝና የፍሬን ስሜት እንዲጨምር መፍቀዱ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የተመሰገነ ነው፤ በ1826 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተመሠረተው የጓንት ቆዳ አምራች ፒታርድስም በኤጀርሳ የቆዳ ፋብሪካ እስከ ማስተዳደር ደርሶ ነበር። ሆኖም የዚህ ሌጦ ምስጋና የመጣው ለስላሳነት ከሚፈለግባቸው እንደ ጎልፍ ካሉ ጓንቶች ነው፤ አስፋልት ለሚፍቀው መዳፍ የፍየል ወይም የላም ቆዳ ይመረጣል። ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ጓንትም ለመም አይመከርም፤ ስለሚወፍር ስሜት ይቀንሳል፣ ላብ በያዘው እጅ ሲወልቅም የውስጥ ገበሩ ተከትሎ ይወጣል።

በጉልጥምት ላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን ምቱን ሰፋ ባለ ቦታ ይበትናል፤ የሚያበርደው ግን ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ነው። ካርቦን ፋይበርም ሆነ ተራ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ስፖንጁ ቀጭን ከሆነ ምቱ ወደ አጥንት ያልፋል። ስለዚህ በሽፋኑ አንጸባራቂነት ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ በጣት ተጭኖ ሥሩ መለስለሱን ማረጋገጥ ይበቃል።

መለያው ምን ይናገራል?

በአውሮፓ ገበያ የሞተር ሳይክል ጓንት በአደጋ መከላከያ አልባሳት ደንብ ሥር ይወድቃል፤ አዲሱ ደንብ ከሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የሚፈተንበት ደረጃ ኢኤን 13594፡2015 ይባላል። በጓንቱ ውስጥ በተሰፋው ጨርቅ ላይ የሞተረኛ ሥዕል፣ የደረጃው ቁጥርና 1 ወይም 2 የሚል ይታያል። በላብራቶሪው የፍቂያ ማሽን የመዳፉ ቁስ ለደረጃ 1 ቢያንስ 4፣ ለደረጃ 2 ቢያንስ 8 ሰኮንድ መቆየት አለበት። ኬፒ የሚለው ምልክት የጉልጥምት ምት ፈተና መታለፉን ያመለክታል፤ በደረጃ 1 በፈቃድ፣ በደረጃ 2 በግዴታ ነው።

መለያው ግን ሁሉን አይናገርም። ለደረጃ 1 ከአንጓ በላይ የሚፈለገው ርዝመት 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ለደረጃ 2 ደግሞ 50 ነው፤ እንግዲህ ደረጃ 1 ያለው አጭር የከተማ ጓንትም ሊኖር ይችላል። የመዳፍ ተንሸራታችም ግዴታ አይደለም። ስለዚህ መለያው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለያል፣ ለመም የሚሆነውን ግን ዓይንና እጅ ይመርጣሉ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሞቶካፕ ጓንቶችን እንደ ተራ ደንበኛ ከሱቅ ገዝቶ እየፈተነ በኮከብ ደረጃ ያወጣል፤ ውጤቱ ለማንም ክፍት ነው፣ ውድ ዋጋ ለከፍተኛ ጥበቃ ዋስትና እንደማይሆንም ያሳያል።

ግዢና አያያዝ

በእነዚህ መመዘኛዎች መሠረት ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ክልል ኬፒ ምልክት ያለው፣ ረጅም፣ የፍየል ወይም የላም ቆዳ፣ መዳፉ ተንሸራታች ያለው ጓንት ይገኛል። ከዚህ በታች ለመውረድ የሚሻለው መንገድ ያለፈው ዓመት ሞዴል በቅናሽ ሲሸጥ መጠበቅ ነው፤ በየዓመቱ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ቀለምና ጌጥ ነው። ያገለገለ ጓንት ግን ቁጠባ አይደለም። የላብ ጨው ክርና ቆዳን ያደክማል፣ ቀድሞ የወደቀበትም ከላይ ላይታወቅ ይችላል።

የተገዛው ጓንት ከላብ በኋላ በጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይና ማሞቂያ ቆዳውን ያደርቁታል፣ የደረቀ ቆዳም ይሰነጠቃል። የማሰሪያው ቬልክሮ በቃጫ ሲሞላ ስለማይይዝ በመርፌ ወይም በማበጠሪያ መጽዳት አለበት። ከውድቀት በኋላ ስፌቱ የተከፈተ፣ መዳፉ የሳሳ ወይም ተንሸራታቹ የተሰነጠቀ ጓንት ሥራውን ጨርሷል። ጫማ ሰፊ ቢጠግነው ለከተማ መንገድ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ለመም ግን አዲስ መርፌ የበሳው ቆዳ እንደ ቀድሞው አይታመንምና መተካት አለበት።