ለቅሶ የምንገዛ ጋዜጠኞች

የሕንድ ፊልም ሲባል መቼም የሁላችንም ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ዘፈኑና ወደ ዳንሱ ነው። ዛሬ ግን እሱን እንተወውና አብዛኞቻችሁ ስላላያችሁት አንድ የሂንዲ ፊልም እናውራ፤ ስሙ "ካምላ" ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሽዊኒ ሳሪን የሚባል የ"ኢንዲያን ኤክስፕረስ" ጋዜጠኛ፣ ሴቶች እንደ ዕቃ እንደሚሸጡ ለማረጋገጥ አንዲት ሴት በ2,300 ሩፒ ገዛ። ገዝቶም ጻፈ። አገር ጉድ አለ። በማራቲ ቋንቋ የሚጽፈው ጸሐፌ ተውኔት ቪጃይ ቴንዱልካር ግን ሌላ ነገር ከነከነው፤ ሴትዮዋስ? ተውኔት አደረገው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጃግ ሙንድራ ወደ ፊልም ቀየረው፤ ሻባና አዝሚ የጋዜጠኛው ሚስት፣ ዲፕቲ ናቫል የተገዛችው ካምላ ሆነው ተውነውበታል።

በታሪኩ ጋዜጠኛው ካምላን ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አቁሞ ያሳያታል። ባልደረቦቹ እየሳቁ ይጠይቋታል። ሥራው ሲያልቅ ወደ መጠለያ ትሸኛለች። ሳትሄድ በፊት ግን ሚስቱን፣ አንቺንስ በስንት ገዛሽ ብላ ትጠይቃታለች። ሚስትየዋ ከዚያ በኋላ ቤቷ ቤት አልሆነላትም።

እኛን ደግሞ ይህ ፊልም ለገጣፎን አስታወሰን። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ቤቶች በዶዘር አፈረሰ። ነዋሪዎቹ ከገበሬ ገዝተን፣ ግብር እየከፈልን ኖርን አሉ። ያኔ ገና ተማሪዎች ነበርን። ፍርስራሽ ላይ የሚያለቅሱ እናቶችን ቪዲዮ በስልካችን ተቀባበልን፤ አብረን አለቀስን፤ በሳምንቱ ረሳን። ከመካከላችን የአንዲቷን እናት እንኳ ስም የሚያውቅ አልነበረም።

"ካሜራ ባይኖር ማን ይሰማ ነበር?" ትሉን ይሆናል። እውነት ነው። እንዲያውም በዚያው ሰሞን ለዘገባ ለገጣፎ የሄዱ ሁለት የመረጃ ቲቪ ባልደረቦች ተደብድበዋል። ስለዚህ ጠባችን ከመቅረጽ ጋር አይደለም፤ ቀርጾ ከመጥፋት ጋር ነው። መሬቱን ማን ሸጠው? ግብሩን ሲቀበል የኖረው ክፍል ምን መልስ ሰጠ? ቤቷ የፈረሰባት ሴት ክረምቱን የት አሳለፈች? ይህን ለማወቅ ሰነድ ማገላበጥ፣ ደጅ መጥናት፣ ተመልሶ መሄድ ያስፈልጋል። ለቅሶ ግን ርካሽ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ተቀርጾ ያልቃል።

በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ለገጣፎን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ጠቀለላት። የቤት ፈረሳው ዜናም ተመልሶ መጣ። እኛም እንደ አዲስ ደነገጥን! የመጀመሪያውን ተከታትለነው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ባላስደነገጠን ነበር፤ የምንጠይቀውን ጥያቄም፣ የምንጠይቀውንም ሰው አስቀድመን ባወቅን ነበር።

እንግዲህ ተመርቀናል፤ ለራሳችን ሕግ እናውጣ። ስሟን ሳንጠይቅ፣ እሷም ሳትፈቅድ የማንንም ሴት ፊት አንወስድም። ከወሰድን ደግሞ በስድስተኛው ወር ተመልሰን በሯን፣ በር ካላት፣ እናንኳኳለን።

ይህን ማድረግ ካቃተን ካምላን የገዛው ሰውዬ ከእኛ ይሻላል። እሱ ቢያንስ ከፍሏል።