«ሰጠመ» እና «ጠለቀ»

በሐይቅ ዳር ሰዎች ተቀምጠው ሲጫወቱ አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ «ጓደኛዬ ጠለቀ!» ቢላቸው ምን ያደርጋሉ? ምናልባት ጓደኛው ብቅ እስኪል ይጠብቃሉ። «ጓደኛዬ ሰጠመ!» ቢላቸው ግን ዋና የሚችል ሁሉ ልብሱን ጥሎ ወደ ውሃው ይሮጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሁለቱ ቃላት ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች፣ ሁለቱም ቃላት ከውሃ በታች መሆንን ስለሚያመለክቱ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል ይላሉ። አስተያየቱ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ የጠለቀውም የሰጠመውም ከውሃው ገጽ በታች ወርደዋልና። ይሁን እንጂ ቃል የሚመረጠው ዓይን ያየውን ብቻ ሳይሆን የነገሩንም ምክንያት እንዲገልጽ ነው። የጠለቀ ሰው በፈቃዱ ወርዷል፤ መመለሻውንም አስቦበታል። የሰጠመውን ግን ውሃው አሸንፎታል። ስለዚህ «ጠለቀ» ባለቤቱ ያደረገውን ሲናገር «ሰጠመ» በባለቤቱ ላይ የደረሰውን ይናገራል።

ለዚህም የታይታኒክ መርከብ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህች መርከብ በሚያዝያ ወር 1904 ዓ.ም. በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ 1,500 ያህል ሰዎችም አለቁ። ስብርባሪዋ በ1977 ዓ.ም. ተገኘ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ተመራማሪዎች በአነስተኛ ባሕር ሰርጓጅ 3,800 ሜትር ያህል ጠልቀው ጎበኟት፤ በደኅናም ተመለሱ። ባሕሩ ያው ነው፤ ጥልቀቱም ያው ነው። ነገር ግን መርከቧ ሰጠመች፤ ሰዎቹ ጠለቁ።

የቃላቱ እርባታና አገባብም ይህንኑ ይመሰክራል። ከ«ጠለቀ» «ጠላቂ» የሚል የሙያ ስም ይወጣል፤ ዕንቁ ከባሕር የሚያወጣውን ሰው ዕንቁ ጠላቂ እንለዋለን። «ሥራዬ ሰጣሚነት ነው» የሚል ግን አይገኝም። ፀሐይም ትጠልቃለች እንጂ አትሰጥምም፤ በማግሥቱ እንደምትወጣ እናውቃለንና። እንዲሁም «ጥልቅ ዕውቀት» ምስጋና ነው፤ «በዕዳ ሰጠመ» ግን መከራ ነው። «በሐሳብ ሰጠመ» ስንል ሐሳቡ ሰውየውን ዋጠው ማለታችን ነው፤ «ጠልቆ አሰበ» ስንል ግን ሰውየው ነገሩን እስከ ሥሩ መረመረው ማለታችን ነው።

«ሰጠመ» ፊደሎቹ ቦታ ተለዋውጠው «ሰመጠ» ተብሎም ይነገራል። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። በበኩሌ ሁለቱም አንድ ፍች ስላላቸው ሰሚን አያሳስቱም እላለሁ። የሚያሳስተው «ሰጠመ» በሚባልበት ስፍራ «ጠለቀ» ማለት ነው፤ የአደጋን ወሬ የጨዋታ ወሬ ያስመስለዋልና።

እንግዲህ ተማሪዎች ስለ ውሃ ስትጽፉ፣ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ራሱ ወረደ ወይስ ውሃው ወሰደው?

መልመጃ

1. ጸሐፊው «ሰጠመ» እና «ጠለቀ» አንድ አይደሉም ለማለት ያቀረባቸውን ማስረጃዎች በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።
2. «አጠለቀ» እና «አሰጠመ» በሚሉት ግሦች ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሩ፤ የፍቻቸውንም ልዩነት አስረዱ።