ስለ ምርምር ርዳታ ገንዘብ መዝገብ አጠባበቅ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ምሳሌ ለመንግሥት ሥራም፥ ለቤተ ክርስቲያንም፥ ለትምህርት ቤትም የሚጠቅም ምክር ነው። ዛሬ ግን ይህን ምክር ከሁሉ አስቀድመው ሊሰሙት የሚገባቸው ከውጭ መንግሥታት የምርምር ርዳታ የሚቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

በ2017 ዓመተ ምሕረት ጥር 12 ቀን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ርዳታ ለ90 ቀን ቆሞ እንዲመረመር አዘዙ። መጋቢት 1 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከዩኤስኤአይዲ ሥራዎች ከመቶ 83ቱ መሰረዛቸውን አስታወቁ፤ ሰኔ 24 ቀንም ያ መሥሪያ ቤት ርዳታ ማደሉን አቁሞ፥ የቀረው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ። በዚህም ምክንያት በየአገሩ ብዙ ውል ጊዜው ሳይደርስ ፈረሰ። ስለ ገንዘቡ መቅረት ብዙ ተነግሯል፤ ስለ መዝገቡ ግን የተነገረው ጥቂት ነው።

ገንዘቡ ቢቋረጥም ተጠያቂነቱ አልተቋረጠም። በአሜሪካ የፌዴራል ርዳታ ደንብ መሠረት፥ ተቀባዩ የውሉ ዘመን ባለቀ በ120 ቀን ውስጥ የመጨረሻውን የሥራና የሒሳብ መግለጫ ማቅረብ ይገባዋል፤ የሒሳቡን መግለጫ ካቀረበበትም ቀን ጀምሮ ሰነዱን 3 ዓመት ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክርክር ወይም የሒሳብ ምርመራ የተጀመረ እንደ ሆነ፥ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ ሰነዱ ከቦታው አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረትም ሆራይዘን አውሮፓ በተባለው የምርምር ርዳታው ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ 5 ዓመት፥ ከ60,000 ዩሮ ለማይበልጠው ርዳታ 3 ዓመት እንዲጠበቅ ያዛል። እንግዲህ ወጪ አውጥቶ ገንዘቡ ያልተተካለት ተቋም መብቱን የሚጠይቀው በሰነድ ነው፤ «ያለ አግባብ አጠፋህ» የተባለውም ራሱን የሚያድነው በሰነድ ነው። ከሰጪው ቤት ጉዳዩን የሚያውቁት ሰዎች ከተበተኑ፥ የሚመሰክርለት ከእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ግን ሰነዱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ መቅረቱ ነው። ውሉ በተመራማሪው መሳቢያ፥ ደረሰኙ በሒሳብ ክፍል፥ የተገዛው ዕቃ ዝርዝር በግምጃ ቤት፥ ደብዳቤው በግል ኮምፒዩተር ይገኛል። ተመራማሪው ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ውጭ አገር የሄደ እንደ ሆነ፥ የተቋሙ ማስረጃ አብሮት ይሄዳል።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ ችግር መድኃኒቱን አስቀድመው አግኝተውት ነበር። ነገሥታት ለገዳማት ርስትና ጉልት በሰጡ ጊዜ፥ የስጦታው ቃል በገዳሙ ወንጌል ላይ ይጻፍ ነበር። በዛሬዪቱ ኤርትራ በሽመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ወንጌል ዘወርቅ የንጉሥ ላሊበላን ስጦታ መዝግቦ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ሰጪው፥ ተቀባዩ፥ የመሬቱ ስምና ምስክሮቹ ይነገራሉ፤ ቃሉን የሚያፈርሰውም ይወገዛል። ወንጌሉ የገዳሙ ንብረት እንጂ የአበ ምኔቱ የግል ገንዘብ ስላልነበረ፥ ንጉሡ ቢያርፉ፥ አበ ምኔቱም ቢለወጡ፥ ማስረጃው ከቦታው አልተነቃነቀም።

የዩኒቨርሲቲዎቹም የምርምር ጽሕፈት ቤቶች በዚሁ መንገድ ሊሄዱ ይገባል። ውሉ በተፈረመበት ቀን ለእያንዳንዱ ርዳታ አንድ ቍጥር ይሰጠው፤ በዚያም ቍጥር አንድ ዶሴ ይከፈትለት። በዶሴው ውስጥ ውሉና ማሻሻያው፥ የተፈቀደው በጀት፥ የሥነ ምግባር ፈቃዱ፥ የደመወዝና የሥራ ሰዓት መዝገቡ፥ የዕቃው ዝርዝርና የቀረቡት መግለጫዎች በተራ ይቀመጡ። ዋናው ወረቀት በሌላ ክፍል የሚኖር እንደ ሆነ፥ የት እንዳለ በዶሴው ይጻፍ። ከገንዘብ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለ ሆነ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ ስለዚህ እንደ ተቀበሉት ወዲያው ቅጂውን ማስቀረት ያሻል። በኮምፒዩተር የሚቀመጠውም 3 ቅጂ ይኑረው፤ ቅጂዎቹም በ2 ዓይነት ማስቀመጫ ሆነው አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ፤ እሳትና ጎርፍ አንዱን ቤት ቢያጠፉ ሌላው ይተርፋልና። ጊዜው ያለፈበት ሰነድ የሚወገደውም በሹም ፈቃድና በዝርዝር ይሁን።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ኃላፊ መዝገብ ያዥና የማይለወጥ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሥራው መጀመር ያለበት ውሉ ሲፈረም ነው፤ ምርመራው በመጣ ቀን ዶሴ መፈለግ የጠፋውን ደረሰኝ አይመልስምና። ውላቸው የፈረሰባቸው ተቋሞች የ3 ዓመቱ ቀጠሮ ገና ከፊታቸው ስላለ፥ በየመሳቢያው የተበተነውን ሰነድ የሚያውቁት ሠራተኞች ሳይለቁ ዛሬውኑ ሊሰበስቡት ይገባል።