የቪዲዮ ጨዋታ፤ ታሪኩ ወይስ አጨዋወቱ?

ቡና እየተፈላ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንግዳ «እስቲ ተጫወት እንጂ!» የተባለ እንደሆነ፣ ወሬ እንዲያመጣ ነው እንጂ ተነሥቶ ኳስ እንዲመታ አይደለም። ቋንቋችን ወጉንም፣ ገበጣውንም፣ ኳሱንም «ጨዋታ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ይህን ማንሣቴ፣ በቪዲዮ ጨዋታ ወዳጆች መካከል «ከታሪኩና ከአጨዋወቱ የቱ ይበልጣል?» የሚል ክርክር በተነሣ ቍጥር ሁለቱ ፈጽሞ እንደማይተዋወቁ ባዕዳን ስለሚቈጠሩ ነው።

አጨዋወቱን የሚያስቀድሙት ወገኖች ማስረጃ አያጡም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 አሌክሲ ፓዚትኖቭ ሞስኮ ላይ የሠራው ቴትሪስ፣ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች አገጣጥሞ መስመር ከመሙላት በቀር ታሪክ የሚባል ነገር የለበትም፤ ቢሆንም ሰው እስከ ዛሬ አልሰለቸውም። የኛስ ገበጣ ምን ታሪክ አለው?

ታሪኩን የሚያስቀድሙት ደግሞ በ2013 የወጣውን «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ይጠቅሳሉ። በ2023 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ፣ ጨዋታውን ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በጕጕት ተከታትሎታል። ጥሩ ታሪክ መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን ተጫዋቹን ዘወትር እጁን አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ታሪክ፣ ከሲኒማ የተዋሰ ልብስ ይመስለኛል። በ2008 የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ 4» መጨረሻው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስመለክታል! እኔ እንደማምነው የጨዋታ ታሪክ የሚነገረው ተጫዋቹ በእጁ በሚሠራው ሥራ ነው።

ለዚህ ምስክሬ ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ በ2013 ያወጣው «ፔፐርስ ፕሊስ» ነው። ተጫዋቹ አርስቶትዝካ በምትባል በሌለች አገር የኬላ መርማሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ ዘመኑ 1982 ነው። ሥራው የመንገደኛውን ወረቀት ከደንቡ ጋር አስተያይቶ «ይግባ» ወይም «ይመለስ» የሚል ማኅተም መምታት ነው። በትክክል ላስተናገደው ለእያንዳንዱ ሰው 5 ክሬዲት ይታሰብለታል፤ ማታ ከዚያው ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያና ለታመመ ቤተሰብ መድኃኒት ይከፍላል። ደንቡ እየበዛ ይሄዳል፤ ሰልፉ አያልቅም፤ ሰዓቱ ይሮጣል።

አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላ ሰው ያልፍና «ከኋላዬ ላለችው ሚስቴ ደግ ሁንላት» ብሎ ይለምናል። ሚስቲቱ ስትቀርብ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ያሳለፋት እንደሆነ ከበላይ የጥፋት ወረቀት ይመጣበታል። በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥፋቶች በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን መቀጮ አለ። ስለ ርኅራኄ የሚሰብክ ማንም የለም። ነገር ግን ሴትዮዋ እያለቀሰች ሳለ ተጫዋቹ «ዛሬ ስንት ጥፋት ተጽፎብኛል?» ብሎ ሲቈጥር ራሱን ያገኘዋል።

እኔ መጀመሪያ የተጫወትሁ ጊዜ መለስኋት። ክፋት አልነበረም፤ ቸኵዬ ነው፤ ከእርስዋ ቀጥሎ የቆመው ሰው 5 ክሬዲት ነበርና። ማኅተሙን ካሳረፍሁ በኋላ ነው ፊቷን ደኅና አድርጌ አለማየቴ የታወሰኝ። (ከመስኮት ጀርባ ተቀምጦ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ወጣት ሠራተኛ ይህን ቢጫወት ምን እንደሚለኝ ማወቅ እወዳለሁ።) ታሪኩን በልብ ወለድ አንብቤው ቢሆን ኖሮ በዚያ ልበ ደረቅ መርማሪ እበሳጭ ነበር። ማኅተሙ በኔው እጅ ስለ ነበረ ግን የምበሳጭበት ሌላ ሰው አጣሁ።